በዳኛውና በስደተኛው መሃል የቆመው ሰው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ቻይናዊ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተከሶ ችሎት ቀረበ እንበል። ዳኛው የሚሉትን እሱ አይሰማም። እሱ የሚለውንም ዳኛው አይሰሙም። ዐቃቤ ሕጉ እንግሊዛዊ፣ ጠበቃው እንግሊዛዊ፣ ሕጉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ። የሁሉንም ቃል ተቀብሎ ለሁሉም የሚያደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አስተርጓሚው። ያ ሰው ቢሳሳት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢዘል፣ ወይም ማታ ጉቦ በልቶ ቢመጣ፣ ችሎቱ ውስጥ ነቅቶ የሚይዘው ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

ስለ ቻይናውያን ስደት ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሕጎቹ ናቸው። አሜሪካ በ1882 በሩን ዘጋች፣ ካናዳ የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለች፣ አውስትራሊያ በመርከብ ጭነት ልክ ሰው ቆጠረች ይባላል። ልክ ነው። ግን እነዚህ ሕጎች በሙሉ በሥራ ላይ የዋሉት በአስተርጓሚ አፍ ነው። መንግሥታቱ ደግሞ አስተርጓሚውን አያምኑትም ነበር። ያለ እሱ ግን አንድ እርምጃ መራመድ አይችሉም። ይህ ችግር ምን ያህል ትልቅ እንደነበር ካልተረዳን፣ አገሮች በስደተኛ ጉዳይ ለምን መተባበር እንደጀመሩና ለምን በወረቀት ላይ ወረቀት እንደቆለሉ ግማሹ ታሪክ ያመልጠናል።

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻውን በአጭሩ ልንገራችሁ። እንግሊዝ በመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት ቻይናን አሸንፋ በ1842 በናንኪንግ ውል ሆንግ ኮንግን ወሰደች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በ1851 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ከደቡብ ቻይና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በሆንግ ኮንግ በኩል ወደ ወርቁ ተመመ። በዚያው ዘመን ፖርቱጋሎች ከያዟት ከማካው ሌላ ዓይነት ጉዞ ነበር። በኮንትራት ስም የተያዙ ቻይናውያን ወደ ኩባና ፔሩ ይጫኑ ነበር። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ተታለው ወይም ታፍነው የተወሰዱ ናቸው። ወርቅ ፈላጊውም ኮንትራተኛውም ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። የትም ሲደርሱ ቋንቋቸውን የማያውቅ ባለሥልጣን ፊት ይቆማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዚያን ጊዜ ስደተኛ "ቻይንኛ" የሚባል አንድ ቋንቋ አይናገርም። አንዱ ካንቶንኛ፣ ሌላው ሆክዬንኛ፣ ሌላው ቴዎቹ፣ ሌላው ሀካ ይናገራል። ሲናገሩ እርስ በርስ አይግባቡም። የሰሜን ሰው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ችሎቱ "ቻይንኛ የሚችል ሰው አምጡ" ቢል ችግሩ አልተፈታም። ሲንጋፖር ውስጥ ምስክሩ በራሱ ቋንቋ የተናገረው መጀመሪያ ወደ ማላይኛ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። አንድ ቃል ሁለት ሰው አልፎ ዳኛው ጆሮ ይደርሳል። የዳኛውም ጥያቄ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

መሐላውን እንይ። የእንግሊዝ ሕግ ምስክር በራሱ እምነት ሕሊናውን በሚያስር መንገድ ይማል ይላል። ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ይመታል። ቻይናዊውስ? በ1842 ለንደን ኦልድ ቤይሊ ችሎት ውስጥ አንድ ቻይናዊ ምስክር ተንበርክኮ በእጁ የሸክላ ሳህን ተሰጠው። ሳህኑን ሰበረው። ከዚያ በአስተርጓሚ በኩል እውነቱን ካልተናገርክ ነፍስህ እንደዚህ ሳህን ትሰበራለች ተባለ። ይህ ጉዳይ በሕግ መዝገብ ገብቶ ለሌሎች ፍርድ ቤቶች ምሳሌ ሆነ። በሌሎች ቅኝ ግዛቶች ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ማቃጠል ነበር፤ ክብሪት ለኩሶ እፍ ብሎ ማጥፋትም ነበር። ከሁሉም የከበደው የዶሮው መሐላ ነው። በ1902 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በአንድ የግድያ ክስ ምስክሩ የመሐላ ቃሉን በጽሑፍ አድርጎ፣ የአውራ ዶሮ አንገት ተቆርጦ፣ ወረቀቱ ተቃጥሏል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ለዚህ ምስክር የትኛው መሐላ እንደሚያስረው ዳኛው በምን ያውቃሉ? አያውቁም። የሚጠይቁት አስተርጓሚውን ነው። ሳህኑ ይበቃዋል ወይስ ዶሮ ያስፈልገዋል? አስተርጓሚው የሚሰጠው መልስ የአንድን ምስክር ቃል ክብደት ይወስናል። የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ደግሞ "ይሄ የወረቀት መሐላ ለነሱ ቀልድ ነው፣ ዶሮ ይታረድ" ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንግዲህ የመተርጎም ሥራ ገና ሳይጀመር አስተርጓሚው ባለሙያ ምስክር ሆኗል ማለት ነው።

የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሥልጣን እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል የዳንኤል ኮልድዌል ታሪክ ያሳያል። ኮልድዌል በሴንት ሄለና ደሴት ተወልዶ በማላካ ወሽመጥ አካባቢ ያደገ ሰው ነው። በ1843 ሆንግ ኮንግ ገባ። ካንቶንኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ቻይናዊት አግብቷል፣ የወደቡንና የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ያውቃል። መንግሥት ውስጥ እንደሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ወደ ፖሊስ ምክትል ኃላፊነት፣ በ1856 ደግሞ የሕዝብ መዝገብ ሹምና "የቻይናውያን ጠባቂ" ወደሚባል ወንበር ወጣ። አስቡት፤ ወንጀለኛውን የሚከታተለው እሱ፣ የሚያስረው እሱ፣ የሚተረጉምለትም እሱ።

ማ ቾው ዎንግ የሚባል አንድ ሰው ነበር፤ የኮልድዌል ወዳጅና ወሬ አቀባይ። ይህ ሰው በ1857 ከባሕር ላይ ወንበዴዎች ጋር በመተባበር ተፈርዶበት ወደ ላቡአን ደሴት ተጋዘ። ዐቃቤ ሕጉ ቶማስ ቺዝም አንስቲ ኮልድዌል ከዚህ ሰው ጋር ያለው ግንኙነት ንጹሕ አይደለም፣ በሁለት ቢላ እየበላ ነው ብለው ተነሱ። ምርመራ ተደረገ። በመሃል ለማስረጃ የሚሆኑ ወረቀቶች በአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ትእዛዝ ተቃጠሉ። መጀመሪያ ከሥራ የታገዱት ኮልድዌል ሳይሆኑ ከሳሹ አንስቲ ናቸው! አዲሱ ገዥ ሰር ሄርኩሊስ ሮቢንሰን ጉዳዩን እንደገና አስመረመሩና ኮልድዌል በ1861 ተሰናበተ።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ ታገሡት? እኔ የማየው ምክንያት ቀላል ነው። ኮልድዌልን ማጣት ጆሮና አፍን ማጣት ነው። ቅኝ ገዥው መንግሥት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየገዛ ሕዝቡ የሚለውን የሚሰማው በአንድ ሰው በኩል ነበር። ይህ የአንድ ሙሰኛ ሰው ታሪክ ተደርጎ ሲነገር ያናድደኛል። የተበላሸው አሠራሩ ነው። ሕዝቡን ሳያውቅ ሊገዛ የተነሳ መንግሥት የፈጠረው ክፍተት ውስጥ ማንም ቢገባ ያንኑ ዓይነት ሥልጣን ያገኝ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ በማያውቁት ቋንቋ የተፈረደባቸው ሰዎች ናቸው።

ሮቢንሰን መፍትሔ ያሉትን አመጡ። ወጣት እንግሊዛውያን በውድድር ተመርጠው ሆንግ ኮንግ መጥተው ቻይንኛ እንዲማሩ የሚያደርግ የሥልጠና መርሐ ግብር ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሠልጣኞች በ1862 ሥራ ገቡ። ከነሱ አንዱ ሴሲል ክሌመንቲ ስሚዝ በኋላ ሲንጋፖርን፣ ፔናንግንና ማላካን የያዘው የስትሬትስ ግዛት ገዥ ሆነዋል። የእቅዱ ሐሳብ "የራሳችን ሰው ቋንቋውን ይወቅ፣ ከዚያ ማንም አያታልለንም" የሚል ነው። ቻይናውያን አስተርጓሚዎችን በደንብ ከፍሎ፣ አሠልጥኖ፣ አክብሮ መያዝም አንድ መንገድ ነበር። ያን ግን ለረጅም ጊዜ ማንም አላሰበበትም።

ሲንጋፖር ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ዊልያም ፒከሪንግ ቻይና ውስጥና ፎርሞሳ (የዛሬዋ ታይዋን) ደሴት ላይ ለዓመታት ኖሮ በርካታ የቻይና ቋንቋዎችን የለመደ ሰው ነበር። በ1872 የመንግሥት አስተርጓሚ ሆኖ ሲንጋፖር ሲገባ፣ መንግሥት ለሕዝቡ በቻይንኛ የሚያወጣቸውን ማስታወቂያዎች አነበበ። አውሮፓውያን "ቀይ ፀጉር አረመኔዎች"፣ ዳኞች "ሰይጣናት"፣ ፖሊሶች "ትልልቅ ውሾች" ተብለው ነበር የተጻፉት። መንግሥት በራሱ ማኅተም ራሱን እየሰደበ ለዓመታት አላወቀም። ፒከሪንግን ከዚህም በላይ ያሳሰበው የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች ከምስጢር ማኅበራቱ ጋር ያላቸው ቁርኝት ነው። ምስጢር ማኅበራቱ ለአዲሱ ስደተኛ ሥራም፣ መጠለያም፣ ቀብርም፣ ዱላም ነበሩ። አንድ ሰው ማኅበሩን ከሶ ችሎት ቢቆም ቃሉን የሚተረጉምለት የዚያው ማኅበር አባል ሊሆን ይችላል።

በ1877 "የቻይናውያን ጥበቃ መሥሪያ ቤት" ተቋቋመና ፒከሪንግ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ። ሥራው መርከብ ላይ ወጥቶ የሚመጡትን ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ማነጋገር ነበር። ማን አመጣህ? ዕዳ አለብህ? የት ልትሄድ ነው? ኮንትራቱን አውቀኸው ነው የፈረምከው? ለብዙዎቹ ባለሥልጣን ያለ አማላጅ ሲያናግራቸው የመጀመሪያቸው ነው። ቁጥጥር መሆኑ አይካድም፤ ግን ለታፈነ ሰው "ታፍኜ ነው" ብሎ የሚናገርበት ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ፒከሪንግ በ1887 ቢሮው ውስጥ ግንባሩን በመጥረቢያ ተመታ። ሞት አልደረሰበትም፤ ሥራው ግን በዚያው አበቃ።

እስካሁን ያየነው አንድ ግዛት ውስጥ ያለውን ነው። ጉዳዩ ድንበር ሲሻገርስ?

በሕግ ጉዳይ የአገሮች ትብብር ሲባል ብዙ መልክ አለው። ተፈላጊን አሳልፎ መስጠት አንዱ ነው። ሌላ መንግሥት ያወጣውን ወረቀት መቀበል ሌላው ነው። የሌላ አገር መርማሪ ወደብህ ላይ እንዲቆም መፍቀድም አለ። በቻይናውያን ስደት ውስጥ ሦስቱም ተፈትነዋል።

በ1858 የተፈረመው የቲየንጺን ውል 21ኛ አንቀጽ ወንጀል ሠርቶ ሆንግ ኮንግ የገባ ቻይናዊ በሥርዓቱ ሲጠየቅ ለቻይና ይሰጣል ይላል። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። በተግባር ግን ቻይና ውስጥ ማሰቃየት የተለመደ የምርመራ ዘዴ ስለነበረ የእንግሊዝ ዳኞች ያቅማማሉ። ይህ ሁሉ የፈነዳው በክዎክ አሲንግ ጉዳይ ነው።

በ1870 ኑቬል ፔኔሎፕ የምትባል የፈረንሳይ መርከብ ከማካው 310 ቻይናውያን ጭና ወደ ፔሩ ተነሳች። ባሕር ላይ አመፅ ተነሳ። ካፒቴኑና ጥቂት መርከበኞች ተገደሉ፣ መርከቧም ወደ ቻይና ዳርቻ ተመለሰች። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ተይዘው በቻይና ባለሥልጣናት ተገደሉ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበረው ክዎክ አሲንግ ሆንግ ኮንግ ተገኘ። ቻይና አሳልፋችሁ ስጡኝ አለች። የሆንግ ኮንግ ዋና ዳኛ ሰር ጆን ስሜይል ጉዳዩን ሲያዩ የጠየቁት ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው መርከቧ ላይ የወጣው በፈቃዱ ነው? ተይዞ ከሆነ፣ ነፃ ለመውጣት ያደረገው ነገር ግድያ ይባላል? ስሜይል የሰው ንግዱን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ለቀቁት። ዐቃቤ ሕጉ ወዲያው ክዎክ አሲንግን በባሕር ላይ ውንብድና ስም እንደገና አሳሰሩት። ስሜይል እንደገና ለቀቁት።

ጉዳዩ ለንደን ወዳለው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ፣ ወደ ፕሪቪ ካውንስል ሄደ። በ1873 የተሰጠው ፍርድ ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛ፣ ለቻይና አለመሰጠቱ ትክክል ነው። በፈረንሳይ መርከብ ላይ፣ በባሕር መሃል፣ ፈረንሳዊ ካፒቴን ሲገደል የቻይና ሕግ ተጣሰ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለም። ሁለተኛ፣ ውንብድና የሁሉም አገር ጠላት ስለሆነ ሆንግ ኮንግ ራሷ ልትዳኘው ትችል ነበር፤ ስለዚህ ሁለተኛው መለቀቅ ስህተት ነው። ይህ ፍርድ ዛሬም ድረስ በውንብድናና በተፈላጊ አሰጣጥ ሕግ ውስጥ ይጠቀሳል።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሁሉ ነገር መክፈቻ "ወድጄ አልሄድኩም" የምትለው የተሳፋሪው ቃል ናት። ማካው ላይም ተሳፋሪዎቹ ከመጫናቸው በፊት ባለሥልጣን ፊት ቀርበው በአስተርጓሚ ተጠይቀዋል፤ መዝገቡ "ወድዶ ነው" ይላል። ሆንግ ኮንግ ላይ ደግሞ ሌላ አስተርጓሚ፣ ሌላ መዝገብ። እንግሊዝም በ1855 ባወጣችው የቻይናውያን ተሳፋሪዎች ሕግ መሠረት የሆንግ ኮንግ የስደት ሹም መርከብ ከመነሳቱ በፊት ተሳፋሪው የሚሄድበትን እና የኮንትራቱን ነገር ማወቁን ማረጋገጥ ነበረበት። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መርከብ ላይ ተሰልፎ፣ ጥያቄው በአስተርጓሚ በኩል እየተወረወረ፣ "አዎ" የሚል ድምፅ ከሰልፉ ይመጣል። የዚያ "አዎ" ክብደት ነው በኋላ ሦስት መንግሥት ያጨቃጨቀው።

ቻይና ራሷ ጉዳዩን ለመመርመር የተነሳችው በ1874 ነው። ቼን ላንቢን የሚመሩት ልዑክ ኩባ ሄዶ የ1,176 ሰዎችን ቃል ተቀበለ። በኩባ የስኳር እርሻ ስለነበሩት ቻይናውያን የምናውቀው ብዙ ነገር የመጣው ከዚያ ነው። የዚህ ምርመራ ልዩነቱ ምንድነው? ሠራተኞቹ የተናገሩት ለአገራቸው ባለሥልጣን ነው። ቃላቸው የጌቶቻቸው ተቀጣሪ በሆነ አስተርጓሚ አፍ ማለፍ አላስፈለገውም። በዚያው ዓመት የማካው የኮንትራት ንግድ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የአገሮች ትብብር አቅጣጫውን ቀየረ። ሰውን ከአፈና ከመከላከል ይልቅ ሰውን ወደ ማገድ ዞረ። የ1882ቱ የአሜሪካ ሕግ የቻይና የጉልበት ሠራተኞችን ከለከለ፤ ነጋዴ፣ ተማሪና አስተማሪ ግን ሊገባ ይችላል። ነጋዴ መሆኑን ማን ያውቃል? የመጣበት አገር መንግሥት የምስክር ወረቀት ይስጠው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው ማሻሻያ ደግሞ የአሜሪካ ቆንስል እዚያው አጣርቶ ይፈርምበት ተባለ። ማጣራቱ ከወደቡ ወደ መነሻው አገር ተሻገረ ማለት ነው። ዛሬ ኤምባሲ ውስጥ ተሰልፈን ቪዛ የምንጠይቅበት አሠራር አንዱ ሥሩ እዚህ ነው።

የካናዳ ድንበር ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ ነበር። ስለዚህ አሜሪካ በ1903 ከካናዳ መንግሥት ይልቅ ከካናዲያን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ጋር ተስማማች። ኩባንያው ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ቻይናውያንን በጥበቃ ሥር አድርጎ በተወሰኑ የድንበር ጣቢያዎች ለአሜሪካ መርማሪዎች ያስረክባል። ሪችፎርድ፣ ማሎን፣ ፖርታል፣ ሱማስ። የባቡር ኩባንያ የድንበር ጠባቂ ሆነ።

ካናዳም የራሷ ሕግ ነበራት። በ1885 በእያንዳንዱ ገቢ ቻይናዊ ላይ 50 ዶላር ግብር ጣለች። በ1900 ወደ 100፣ በ1903 ወደ 500 ዶላር አደረሰችው። ያኔ 500 ዶላር የአንድ ሠራተኛ የዓመታት ቁጠባ ነው። ነጋዴ ግን ነፃ ነው። ስለዚህ ቫንኩቨር ወደብ ላይ አንድ ሰው ሲወርድ "ነጋዴ ነው" ወይም "ሠራተኛ ነው" የምትለው ቃል 500 ዶላር ታወጣለች። መርማሪው ቻይንኛ አይችልም። ያቺን ቃል በእጁ የያዘው የጉምሩኩ አስተርጓሚ ዪፕ ኦን ነበር። ዪፕ ኦን በባቡርና መርከብ ኩባንያው የቻይና ወኪል የነበረው ባለሀብት ዘመድ ሲሆን፣ የከተማው ቻይናውያን ፖለቲካ ውስጥም ትልቅ ስም ነበረው። በ1910 እና 1911 በዳኛ ዴኒስ መርፊ የሚመራ የንጉሣዊ ምርመራ ኮሚሽን በቻይናውያን ስደት ላይ ስለሚሠራው ማጭበርበርና ስለ ኦፒየም ኮንትሮባንድ ሲመረምር፣ የዪፕ ኦን ወንበር መሃል ላይ ወጣ። ተፎካካሪው ዴቪድ ሉ ራሱም አስተርጓሚና የሕግ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። ሉ በ1924 ቫንኩቨር ውስጥ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ይህ ሥራ ምን ያህል ጥቅምና ምን ያህል ጠላት እንደነበረው ከዚህ ይታያል።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ከረረ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1905 የጁ ቶይ ፍርድ የኢሚግሬሽን ሹሞች ውሳኔ፣ ሰውየው "እዚሁ የተወለድኩ ዜጋ ነኝ" ቢል እንኳ፣ የመጨረሻ ነው አለ። ዳኛ ጉዳዩን ከሥሩ የሚያይበት በር ጠበበ። ከዚያ በኋላ ትንሿ የምርመራ ክፍል ፍርድ ቤት ሆነች። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ ርዕደ መሬት የከተማዋን መዝገቦች ሲያቃጥል ደግሞ ብዙዎች የዜጋ ልጅ ነን ብለው በወረቀት ብቻ ልጅ ሆነው መግባት ጀመሩ። መንግሥት ምላሹን በጥያቄ ብዛት ሰጠ።

ከ1910 እስከ 1940 በሠራችው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ባለችው የኤንጀል አይላንድ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ፣ በምርመራ ክፍሉ ውስጥ መርማሪ፣ ጸሐፊና አስተርጓሚ ይቀመጣሉ። አመልካቹ ይጠየቃል። መንደራችሁ ውስጥ ስንት ቤት አለ? በሁለተኛው ረድፍ ሦስተኛው ቤት የማን ነው? ቤታችሁ ስንት ደረጃ አለው? የሩዝ ማስቀመጫው የት ነው? አባት ነኝ ያለውም ለብቻው ያንኑ ይጠየቃል። መልሶቹ ካልተገጣጠሙ መመለስ ይመጣል። ከአንድ ምስክር ወደ ሌላው ሲያልፉ አስተርጓሚ ይቀይራሉ፤ ቃል እንዳያቀባብል ነው። በምርመራው ማብቂያ ላይ ደግሞ አስተርጓሚው ራሱ ይጠየቃል፤ ይህ ሰው የሚናገረው የየት አካባቢ ቋንቋ ነው? ከአባቱ ጋር አንድ ነው? እንደገና ባለሙያ ምስክር ሆነ፤ እንደ ዶሮው መሐላ ጊዜ።

የዕድሜ ጉዳይ ብቻውን ሰው ያስመልስ ነበር። በቻይናውያን ልማድ ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፤ አዲስ ዓመት ሲገባ አንድ ይጨመርለታል። ዓመቱም በጨረቃ ነው የሚቆጠረው። አንዱ አስተርጓሚ "ሃያ" ያለውን እንዳለ ቢያሳልፈው፣ ሌላው ቀንሶ "አሥራ ስምንት" ቢለው፣ ፋይሉ ላይ ውሸታም የሚሆነው አመልካቹ ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ይዞ ውጭ አገር ፎርም የሞላ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

አፍሪካም ውስጥ ይህ ታሪክ አለ። ከ1904 ጀምሮ ከ63,000 በላይ ቻይናውያን ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወዳለው ወደ ትራንስቫል የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ተወሰዱ። እንግሊዝና ቻይና በ1904 ስምምነት ፈርመው ነበር። ኮንትራቱ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ፣ ይነበብ፣ የቻይና ቆንስል ይኑር የሚል። በወረቀት ላይ ከቀድሞው በጣም የተሻለ ነው። ግን አብዛኞቹ ሠራተኞች የሰሜን ቻይና ሰዎች ሆኑ፤ በእንግሊዝ ግዛቶች በቀላሉ የሚገኘው አስተርጓሚ ደግሞ የደቡብ ሰው ነው። አይግባቡም። በኋላ ሠራተኞቹን የሚቆጣጠሩት የመንግሥት መርማሪዎች ማዕድን ማውጫው ግቢ ውስጥ ቀላል ጥፋቶችን እንዲዳኙ ሥልጣን ተሰጣቸው። ቋንቋ የሚችለው ሰው፣ አቤቱታ ሰሚውና ዳኛው ወደ አንድ ወንበር ተጠጉ። ከኮልድዌል ውድቀት አርባ ዓመት በኋላ ያው ስህተት መደገሙ ልብ ያቃጥላል። ሠራተኞቹ ይገረፋሉ የሚለው ወሬ ለንደን ደርሶ በ1906 የእንግሊዝ ምርጫ ትልቅ መከራከሪያ ሆነ፤ ሠራተኞቹም እስከ 1910 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚህ ወንበር የተቀመጡትን ሁሉ ጉቦኛ አድርጎ መሳል ግን ትልቅ በደል ነው። ንግ ቾይ በ1842 በማላካ ወሽመጥ አካባቢ ተወልዶ ሆንግ ኮንግ ተማረ። ከ1861 ጀምሮ ከአሥር ዓመታት በላይ የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኖ ሠራ። የሰማውን ሕግ ሁሉ አጠራቀመና በ1874 በራሱ ወጪ ለንደን ሄዶ ሕግ አጠና። በ1877 የጥብቅና ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ቻይናዊ ሆነ። በ1880 ደግሞ ለጊዜው የፖሊስ ችሎት ዳኛ ተደረገ። ትናንት የሌላ ሰው ቃል ያቀብልበት በነበረው ችሎት ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ኋላ ው ቲንግፋንግ በሚለው ስሙ በዋሽንግተን የቻይና ሚኒስትር (መልእክተኛ) ሆኖ የአሜሪካን የእገዳ ሕግ በመቃወም በገዛ ቋንቋቸው ተሟገተ። አገሩ ተመልሶም የቻይናን የወንጀል ሕግ ለማሻሻል ሠራ፤ ሰውን ቆራርጦ የመግደል ቅጣት በ1905 ሲሻር ከአስወገዱት አንዱ እሱ ነው። ቻይና በማሰቃየቷ ምክንያት ተፈላጊ አይሰጣትም የሚለውን የድሮ ክርክር ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበርና።

ሌላው ዎን አሌክሳንደር ከምያው ነው። በ1861 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተወለደ፤ ካናዳ ምድር ላይ የተወለደ የመጀመሪያው ቻይናዊ መሆኑ ይታወቃል። ሕግ አጥንቷል። ግን ጠበቃ ለመሆን የመራጮች መዝገብ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ቻይናዊ ደግሞ አይመዘገብም። ስለዚህ ሕጉን እያወቀ፣ ቋንቋውን እያወቀ፣ ለአሥርት ዓመታት በቫንኩቨር የፖሊስ ችሎት አስተርጓሚ ሆኖ ኖረ። ሌሎች ሲከራከሩ እሱ ያቀብላል።

የኤንጀል አይላንድ ፋይሎች ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ሳን ብሩኖ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። የስደተኞቹ የልጅ ልጆች እየሄዱ የአያቶቻቸውን ቃል ያነባሉ። የሚያነቡት ገጽ ላይ ያለው ግን እንግሊዝኛ ነው። ጸሐፊው የመዘገበው አስተርጓሚው ያለውን ነው፤ ሰውየው በራሱ ቋንቋ ያለውን ማንም አልጻፈውም። ስለዚህ አንድ መልስ እንግዳ ሲሆንባቸው፣ ወይም አያታቸው የማይመስል ነገር የተናገሩ ሲመስላቸው፣ መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ገጹ አናት ላይ ያለውን የአስተርጓሚውን ስም ነው። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ሌላ ስም ካለ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ማስተያየት ይጠቅማል።